«200 ነው የወጣው፤ ስህተቱ የታለ?»

[ምስል፦ ከደብተር የተቀደደ ሩብ ገጽ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ አንድ መስመር]

ይህ ወረቀት ስም የለውም። የተጻፈበት ይህ ብቻ ነው፦ «መምህር፣ 200 ነው የወጣው። ስህተቱ የታለ?»

ጎንደር ውስጥ ፕሮግራሚንግ አስተምራለሁ። የዚያን ቀን ትምህርት ኮንከረንሲ ነበር፤ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ሁለትና ከዚያ በላይ ሥራዎች ጎን ለጎን ሲሄዱ የሚፈጠረውን ጣጣ የሚመለከት ነው። ሁለት ትሬዶች (ጎን ለጎን የሚሄዱት ሥራዎች ማለት ነው) አንድን ቆጣሪ እያንዳንዳቸው 100 ጊዜ በአንድ ይጨምራሉ። «ውጤቱ ከ200 ያንሳል፤ ታያላችሁ» ብዬ ፎከርኩና ፕሮግራሙን አስኬድኩት። 200 ወጣ። ደገምኩት፤ አሁንም 200። ጉሮሮዬን ጠራርጌ ወደሚቀጥለው ስላይድ አለፍኩ። እጁን ያወጣ አልነበረም።

አይደንቅም። መምህር ፊት «ያሉት አልሆነም» ብሎ መናገር በእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም፤ ይሉኝታ አለ። «ገባችሁ?» ስል ከየረድፉ «አዎ!» ይመጣል። ያ «አዎ» ምን ያህል ባዶ እንደነበር የተረዳሁት ወረቀት ማደል ከጀመርኩ ወዲህ ነው።

[ምስል፦ የሴሚስተር ማብቂያ የመምህር ግምገማ ቅጽ፣ ከ1 እስከ 5]

ግምገማማ ድሮም ነበረ፤ በሴሚስተሩ ማብቂያ «መምህሩ ሰዓት ያከብራል?» ተብሎ ከ1 እስከ 5 ይሞላል። ውጤቱ እጄ ሲገባ ግን የሞሉት ልጆች ሻንጣቸውን ይዘው ወደየአገራቸው ተሳፍረዋል። ደግሞስ 4 ከተሰጠኝ የትኛውን ስላይድ ልቀይር?

ሌላው መንገድ የቆየ ነው። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው የስታቲስቲክስ ሊቅ ፍሬድሪክ ሞስቴለር ተማሪዎቹን በትምህርቱ መጨረሻ ላይ «ከሁሉም የደፈረሰባችሁ ነጥብ የትኛው ነው?» እያለ በጽሑፍ ይጠይቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ስለ ዘዴው ጽፏል። እኔም ይህንኑ አደርጋለሁ። የመጨረሻዎቹን አምስት ደቂቃዎች እተውላቸዋለሁ፤ ስም አይጻፍም፤ ወረቀቶቹን የዚያኑ ዕለት ማታ አነባለሁ።

እና ያ ማታ «ስህተቱ የታለ?» የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። ልጁ ወይም ልጅቷ ትክክል ናት። መቶ ጊዜ መደመር ለኮምፒውተር ከዓይን ጥቅሻ ያነሰ ነው፤ ሁለተኛው ትሬድ ተነሥቶ ሥራ እስኪጀምር የመጀመሪያው ጨርሶ ተቀምጧል። ሁለቱ መቼ ተገናኝተው ይጋጩ? የባሰው ደግሞ፣ «ግልጽ ይሆንላቸዋል» ብዬ በዙሩ ውስጥ የማተሚያ ትእዛዝ አስገብቼ ነበር። በምንጽፍበት የፕሮግራሚንግ ቋንቋ፣ በጃቫ፣ ያ ትእዛዝ ራሱ ቁልፍ (አንዱ ትሬድ ሲሠራ ሌላውን የሚያስጠብቅ) ይይዛል፤ ትሬዶቹን ተራ እያስያዘ ስህተቱን ሊደብቀው ይችላል። ላሳያቸው የፈለግሁትን ነገር በገዛ እጄ ሸፍኜዋለሁ ማለት ነው።

[ምስል፦ ጥቁር ሰሌዳ፤ መሐሉ ላይ ትልቅ 0። ሁለት ተማሪዎች ጠመኔ ይዘው ቆመዋል]

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ወረቀቱን ጮክ ብዬ አነበብኩና ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናገርኩ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ዘግቼ ሁለት ተማሪዎችን ወደ ሰሌዳው ጠራሁ። በኮድ ላይ አንድ መስመር የሚመስለው «አንድ ጨምር» ለማሽኑ ሦስት እርምጃ ነው፦ ማንበብ፣ መደመር፣ መጻፍ። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ ያለውን ቁጥር ያነባሉ፤ ወንበራቸው ድረስ ሄደው ደብተራቸው ላይ አንድ ይደምራሉ፤ ተመልሰው ያገኙትን ይጽፋሉ። እያንዳንዳቸው አምስት ጊዜ። ማን መቼ እንደሚነሳ የማዘው እኔ ነኝ፤ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ቦታ ይዣለሁ። (ሥልጣኑ ደስ ይላል።)

ልጅቷ 0ን አንብባ ሄደች። እዚያው ቁጭ አደረግኋት። ልጁ ብቻውን አራት ጊዜ ተመላለሰ፤ ሰሌዳው 4 ሆነ። አሁን እሷን አስነሳኋት፤ ደብተሯ ላይ ያለው 1 ነውና 4ን አጥፍታ 1 ጻፈች። ክፍሉ አጉረመረመ። ልጁ ለመጨረሻ ጊዜ 1ን አንብቦ ወደ ወንበሩ ሲሄድ እሱንም አስቀመጥኩት። እሷ የቀሯትን አራት ዙሮች ጨረሰች፤ ሰሌዳው 5 ደረሰ። ልጁ ተነሣ። 5ን አጠፋና 2 ጻፈ።

አሥር መሆን የነበረበት 2 ሆኖ ቀረ። ዙሩ በያንዳንዳቸው አንድ ሚሊዮን ቢሆንም የመጨረሻው መጥፎ ዕድል ያው 2 ነው፤ እንዲህ ያለው ቢከሰት ብርቅ ነው እንጂ። እኔ ይህን ሽሚያ እለዋለሁ፤ ከእንግሊዝኛው ስም (race condition) ይልቅ ነገሩን የሚገልጸው ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩን ከፍቼ፣ የማተሚያውን ትእዛዝ አውጥቼ፣ ዙሩን ሚሊዮን አድርጌ አስኬድኩት። ሁለት ሚሊዮን አልሞላም። ሲደገምም ሌላ የጎደለ ቁጥር መጣ።

የወረቀቱ ቋንቋ ምን ይሁን የሚለውም ቀላል አልነበረም። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ወረቀቶቹም መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ይመጡ ነበር፦ «ሴማፎር አልገባኝም»፣ ሌላ የለም። (ሴማፎር ትሬዶችን የሚያስቆምና የሚለቅ መቆጣጠሪያ ነው፤ ፒ እና ቪ ሁለቱ ትእዛዞቹ ናቸው።) «በአማርኛ ጻፉ» ካልኩ በኋላ ጥያቄዎቹ ረዘሙ፤ ሹልም ሆኑ። አንዱ «ፒ እና ቪ የሚባሉት ምንድን ናቸው? ፊደሎቹን ሸመደድኳቸው እንጂ የትኛው እንደሚያስቆም ሁልጊዜ ይምታታብኛል» ይላል። እንዴት አይምታታ! ሴማፎርን ያመጣው ኤድስገር ዳይክስትራ ሆላንዳዊ ነው፤ ፊደሎቹም ከደች ቋንቋ የመጡ ናቸው። በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ቢፈለጉ አይገኙም። አሁን ሰሌዳ ላይ የምጽፈው «ጠብቅ» እና «ልቀቅ» ነው።

[ምስል፦ በር ላይ ሁለት ሰዎች፣ እጅ ለእጅ እየተጋበዙ]

ይህን ደግሞ ብቻዬን ብሆን አላስበውም ነበር። ዴድሎክን፣ ማለትም ትሬዶች እርስ በርስ እየተጠባበቁ ቆመው መቅረታቸውን፣ በባጃጅ አስረዳለሁ፤ ከፒያሳ በሚወርድ ጠባብ መንገድ ሁለቱ አፍንጫ ለአፍንጫ ይገጥሙና አንተ ተመለስ፣ አንተ ተመለስ ይባባላሉ። ላይቭሎክ (ትሬዶቹ ሳይቆሙ ሥራው ግን አለመራመዱ) ግን ለተማሪዎቹ አልያዝ ይላቸው ነበር። አንድ ወረቀት እንዲህ አለ፦ «መምህር፣ ይኼ እኮ በር ላይ 'ይግቡ' 'ኧረ እርስዎ ይቅደሙ' መባባል ነው። ሁለቱም ይንቀሳቀሳሉ፤ ማንም አይገባም።» የእኔን ምሳሌ ጥዬ ይህን ይዣለሁ።

ሁሉንም ወረቀት እታዘዛለሁ ማለት አይደለም። «ኮድ ይቀነስ፣ ሃንድአውት ይጨመር» የሚል ከየክፍሉ ይመጣል፤ አልፈዋለሁ። ኮንከረንሲ በሃንድአውት አይገባም። «ፈተና ላይ ይመጣል?» የሚለውንም እንዲሁ። ለእኔ የሚጠቅመኝ ሐሳቡ የተቆረጠበትን ቦታ የሚያሳየኝ ወረቀት ነው።

ቀድሞ ትምህርቱን የምከፍተው በቴራክ-25 ታሪክ ነበር። ይህ የጨረር ሕክምና መሣሪያ እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 በአሜሪካና በካናዳ ስድስት ታካሚዎችን ከልክ ባለፈ ጨረር ጎድቷል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ በሶፍትዌሩ ውስጥ የነበረ እንዲህ ያለ ሽሚያ ነው። አንድ ተማሪ «ታሪኩ አስደነገጠኝ፤ ግን ከእኛ ቆጣሪ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አላየሁም» ብሎ ጻፈ። አሁን ታሪኩ ከሰሌዳው ጨዋታ በኋላ ይመጣል።

[ምስል፦ ሌላ ሩብ ገጽ፣ በእርሳስ የተጻፈ]

የዚህ ሳምንቱ እነሆ፦ «ቁልፍ ጨመርንበት፤ ውጤቱ ተስተካከለ። ግን አንድ ትሬድ ብቻውን ከሚሠራው ይልቅ ዘገየ። ታዲያ ምን አተረፍን?»

ማክሰኞ ክፍሉ በዚህ ይከፈታል። ሰዓት መለኪያ ኮዱ ውስጥ አስገብቻለሁ። ቤቴም ደጋግሜ አስኬጄዋለሁ።