ኒቆዲሞስ፦ ሐዲዱ የራቃት መንደር

[ምስል፦ ዛፍ የማይታይበት ሰፊ ሜዳ፣ በርቀት ጥቂት ቤቶች]

ኒቆዲሞስ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በሌሊት ወደ ጌታ የመጣውን የአይሁድ አለቃና በስሙ የሚጠራውን የዐቢይ ጾም ሰንበት ነው። በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ ግራሃም በተባለው ካውንቲ ውስጥም በዚሁ ስም የምትጠራ፣ የራሷ ከንቲባም ሆነ የከተማ አስተዳደር የሌላት አነስተኛ የገጠር መንደር አለች።

የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1877 ከባርነት በወጡ ጥቁሮች ነው። በዚያ ዓመት የፌዴራሉ መንግሥት በደቡብ ግዛቶች ለጥቁሮች ያደርግ የነበረው ጥበቃ ሲያበቃ፣ ደብሊው ኤች ስሚዝ የተባሉ ጥቁር ሰባኪና ደብሊው አር ሂል የተባሉ ነጭ የመሬት ነጋዴ ከሌሎች ጋር ማኅበር አቋቁመው የኬንታኪ ግዛትን ጥቁሮች ወደ ምዕራብ ጠሩ። በሴፕቴምበር 300 ያህል ሰዎች ኤሊስ እስከተባለችው የካንሳስ ከተማ ድረስ በባቡር መጡ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን 55 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በእግር ተጓዙ።

[ምስል፦ መሬት ውስጥ የተቆፈረ መኖሪያ]

በ1878 የደረሱት ወይዘሮ ዊሊያና ሂክማን መንደሩ የት እንዳለ ሲጠይቁ፣ ባለቤታቸው ከመሬት ውስጥ የሚወጣውን ጭስ አመለከቷቸው። እንጨት በጠፋበት በዚያ አገር ቤት ማለት የተቆፈረ ጉድጓድ ነበርና ወይዘሮዋ አለቀሱ። በመጀመሪያው የብርድ ወራት ሰፋሪዎቹን ከረኀብ ካዳኗቸው መካከል ከአደን ሲመለሱ ምግብ ያካፈሏቸው ኦሴጅ የተባሉት የአሜሪካ ቀደምት ነዋሪዎች ይገኙበታል። የሚጠምዱት ከብት ስላልነበራቸው ብዙዎቹ መሬቱን በእጅ ቆፈሩ፤ ይህ ምን ያህል ድካም እንደሆነ ለገበሬ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም።

ያም ሆኖ በ10 ዓመት ውስጥ መንደሪቱ ሱቆች፣ ሆቴል፣ ባንክ፣ አብያተ ክርስቲያናትና ሁለት ጋዜጦች ነበሯት። ከነዋሪዎቿ አንዱ የነበሩት ኤድዋርድ ማኬብ በ1882 የካንሳስ ግዛት ዋና ኦዲተር ሆነው ተመረጡ።

የጎዳት ባቡሩ ነው። በ1887 ነዋሪዎቹ ሐዲድ እንዲዘረጋላቸው 16,000 ዶላር በቦንድ ለመክፈል ወሰኑ፤ ያ ሐዲድ ግን ሳይመጣ ቀረ። በ1888 ሌላ ኩባንያ ከሰሎሞን ወንዝ ማዶ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ ሐዲዱን ሲዘረጋ ነጋዴዎቹ ቦግ ወደተባለችው አዲስ ከተማ ተሻገሩ። የቀሩት ገበሬዎቹ ነበሩ፤ መንደሪቱን እስከ ዛሬ ያቆያትም የእነርሱ መሬት አለመልቀቅ ይመስለኛል።

ፖስታ ቤቷ በ1953 ተዘጋ። በ1996 ብሔራዊ ታሪካዊ ሥፍራ ተባለች። በየዓመቱ በጁላይ መጨረሻ፣ በየግዛቱ የተበተኑት የመሥራቾቹ ልጆችና የልጅ ልጆች ከባርነት ነፃ የመውጣትን በዓል ለማክበር ወደዚያ ሜዳ ይመለሳሉ።