«ወስጃለሁ» ሲሉን፦ የመርሳት በሽታ ያለባቸውን ወላጆች መድኃኒት መያዝ

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ የሳምንት የመድኃኒት ሳጥን። የማክሰኞ ጠዋት ክፍል ባዶ ነው። የማክሰኞ ማታም ባዶ ነው። የግድግዳው ሰዓት ግን ገና ረፋድ መሆኑን ያሳያል።]

ተራኪ፦ «እማዬ፣ መድኃኒትሽን ወሰድሽ?» ትላለች ልጅ። «ወስጃለሁ» ይላሉ እናት፣ ሳያመነቱ። አልዋሹም። የጠዋቱን ውጠዋል፤ መዋጣቸውን ረስተው የማታውንም ደግመዋል። የመርሳት በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚነጥቀው የልጅነትን ትዝታ ሳይሆን ያለፈችውን ግማሽ ሰዓት ነው። የሠርጋቸውን ቀን አንድ ሳያስቀሩ የሚያወጉ እናት፣ ቁርስ ላይ የዋጡትን ክኒን ላያስታውሱ ይችላሉ። ስለዚህ «ወሰድሽ?» የሚለውን ጥያቄ እንተወው። መልሱ የሚያሳውቀን ነገር የለም።

መድኃኒቱን በእጃችን እንሰጣለን፣ ሲዋጥ በዐይናችን እናያለን፣ ወዲያው ደብተር ላይ እንጽፋለን። ሳጥኑን የሚሞላው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ የቀረው መድኃኒት ይቆለፍበት። እንደዚህች እናት ሁለት ጊዜ ከተወሰደ፣ በተለይ የስኳር፣ የደም ማቅጠኛ ወይም የልብ መድኃኒት ከሆነ፣ ምልክት እስኪታይ አንጠብቅም፤ ወዲያው ለሐኪም እንደውላለን።

[ምስል፦ በተለያየ የእጅ ጽሕፈት የተጻፉ ሦስት የሐኪም ማዘዣዎች ጎን ለጎን።]

ተራኪ፦ እስካሁን ያልነው ቀላሉ ነው። የልብ ሐኪሙ የወላጅዎን ልብ ያያል፤ የነርቭ ሐኪሙ አንጎላቸውን፤ ሌላው ደግሞ የሽንት ፊኛቸውን። ሙሉውን ሰው ከጠዋት እስከ ማታ የሚያዩት እርስዎ፣ አስታማሚው ብቻ ነዎት። ይህ ለምን እንደሚያሳስበኝ በአንድ ምሳሌ ላሳይዎት።

ዶኔፔዚል አልዛይመር የተባለው የመርሳት በሽታ ላለባቸው ሕሙማን በስፋት የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። በሽታውን አያቆመውም። በአንጎል ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፈው አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል ቶሎ እንዳይፈርስ በማድረግ ለጊዜው ያግዛል። ይኸው ኬሚካል ግን የሽንት ፊኛንም ያሠራል። እናም አባት ዶኔፔዚል በጀመሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሽንት ያመልጣቸው ጀመር እንበል። ቤተሰቡ «የዕድሜ ነገር ነው» ይላል። ሌላ ሐኪም ዘንድ ይወስዷቸዋል፤ ስለ ዶኔፔዚል የነገረው የለምና ሽንት የሚይዝ ኦክሲቡቲኒን ያዝላቸዋል። ኦክሲቡቲኒን የሚሠራው ደግሞ ያንኑ አሴቲልኮሊን በመከልከል ነው። አንዱ የሞላውን ሌላው ያፈስሳል። አፋቸው ይደርቃል፣ ሆዳቸው ይደርቃል፣ ግራ መጋባታቸው ይብሳል። ልጆቹም «በሽታው ገፋ» ብለው ያለቅሳሉ፤ ያባባሳቸው ግን ክኒኑ ነበር።

ፓውላ ሮሾን እና ጄሪ ጉርዊትዝ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ሰንሰለት በ1997 እ.ኤ.አ. ቢኤምጄ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ በዝርዝር ጽፈውታል፤ የመድኃኒት ጉዳት እንደ አዲስ በሽታ ተቆጥሮ ሌላ መድኃኒት ይታዘዝበታል። ሰንሰለቱን የሚበጥሰው ጥያቄ አጭር ነው፤ አዲስ ምልክት በታየ ቁጥር ሐኪሙን «ይህን ያመጣው ከሚወስዷቸው መድኃኒቶች አንዱ ይሆን?» ብለው ይጠይቁ።

ለዚህ አንድ ዝርዝር ያስፈልጋል። የመድኃኒቱ ስም፣ መጠን፣ ሰዓት፣ የታዘዘበት ምክንያት እና የተጀመረበት ቀን ይጻፍበት። የዐይን ጠብታው፣ ቫይታሚኑ፣ ከዕፅዋት የተዘጋጀውም አይቅር። ያለ ማዘዣ የሚሸጡ አንዳንድ የእንቅልፍና የጉንፋን መድኃኒቶች ዳይፈንሃይድራሚን አለባቸው፤ እርሱም እንደ ኦክሲቡቲኒን አሴቲልኮሊንን ይከለክላል። የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር የሚያሳትመው፣ ለአረጋውያን የማይመከሩ መድኃኒቶችን የያዘው የቢርስ ዝርዝር የመርሳት በሽታ ላለባቸው ሰዎች እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች እንዲቀሩ ይመክራል።

[ምስል፦ የአረጋዊት ጀርባ በቅርበት። አንድ እጅ አሮጌውን ፕላስተር ቀስ ብሎ ይልጣል።]

ተራኪ፦ እንደ ዶኔፔዚል ለመርሳት በሽታ የሚታዘዘው ሪቫስቲግሚን በቆዳ ላይ በሚለጠፍ ፕላስተር መልክም ይገኛል። ለመዋጥ ለሚቸገሩ ትልቅ ዕረፍት ነው፤ አንድ ስሕተት ግን አደገኛ ያደርገዋል፦ አሮጌውን ሳያነሡ አዲሱን መለጠፍ። ሁለቱ አብረው መድኃኒት ሲያስገቡ ብርቱ ትውከት ያመጣሉ፣ የልብ ምትንም ያዘገያሉ። በየ24 ሰዓቱ መጀመሪያ አሮጌውን ያንሡ፤ አዲሱን ሌላ ቦታ ይለጥፉ፤ እዚያው ቦታ ላይ 14 ቀን ሳይሞላ አይመለሱ። ሕመምተኛዋ እየላጡ የሚጥሉት ከሆነ እጃቸው የማይደርስበት ጀርባ ላይ ይሁን። ከሦስት ቀን በላይ ከተቋረጠ በነበረበት መጠን አይቀጥሉ፤ ሐኪሙ ከዝቅተኛው መጠን እንደገና ሊያስጀምር ይችላል።

[ምስል፦ የተጨመቁ ከንፈሮች፣ የተዘረጋ ማንኪያ።]

ተራኪ፦ አልወስድም ሲሉስ? አይታገሏቸው፤ አያስፈራሯቸው። ማንኪያውን ያስቀምጡ፣ ሌላ ነገር ያውሩ፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ ይመለሱ። ብዙ ጊዜ እምቢታውም ይረሳል። ካልተረሳ ምክንያት ይፈልጉ፦ ጉሮሯቸው ታሞ፣ ክኒኑ ትልቅ ሆኖ ወይም መራራ ሆኖባቸው ሊሆን ይችላል። ፋርማሲስቱን ሳይጠይቁ ግን ክኒን አይፍጩ። ቀስ እያለ እንዲሟሟ የተሠራ ክኒን ሲፈጭ የቀኑ መጠን ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ደም ሊገባ ይችላል። ምግብ ውስጥ ደብቆ መስጠትን በተመለከተ፣ ሐኪሙ ሳያውቅ ባይደረግ እላለሁ፤ ምግቡን መጠራጠር የጀመረ ሰው መብላትም ሊያቆም ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ እለምናለሁ። ወላጅዎ ሲቆጡ፣ ሲጮኹ፣ ሌሊት ሲንከራተቱ ሐኪሙን «የሚያረጋጋ ነገር ይዘዙላቸው» ከማለትዎ በፊት ሕመም፣ የሽንት ኢንፌክሽን ወይም የሆድ ድርቀት እንዳለ ይመርመርላቸው። የሚሰማቸውን በቃል መናገር ያቃተው ሰው በጩኸት ይናገራል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ለሥነ አእምሮ ሕመም የሚታዘዙ ፀረ ሳይኮሲስ መድኃኒቶች የመርሳት በሽታ ባለባቸው አረጋውያን ላይ የሞት አደጋን እንደሚጨምሩ አስጠንቅቋል። አንዳንዴ ግድ ይሆናሉ። ሲታዘዙ ግን «እስከ መቼ?» ብለው ይጠይቁ። የተጀመረውንም በራስዎ ውሳኔ በድንገት አያቋርጡ።

[ምስል፦ የማክሰኞ ማታ። ልጅ ደብተሩን ትገልጣለች፤ ሰዓቱን ጽፋ ገጹን ለወንድሟ ታሳየዋለች።]

ተራኪ፦ ተራ ሲቀያየሩ ደብተሩም አብሮ ይቀባበል። «የማታው ጠዋት ተወስዷል፤ ሐኪሙን አናግሬያለሁ፤ ዛሬ ማታ አይሰጥ።»