ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ እንደምን ዋላችሁ።

አዲስ ኦቨን ቤቱ ያስገባ ሰው ካርቶኑን ቀድዶ እንደጨረሰ ዓይኑ የሚሄደው ወደ ማብሪያው ነው። እኛ ግን ከማብሪያው በፊት አንዲት ትንሽ መለያ እንድትፈልጉ እንለምናችኋለን። በሩን ስትከፍቱ ከጠርዙ ላይ ወይም ከጀርባው ተለጥፋ ታገኟታላችሁ፤ ቮልቱና ዋቱ የተጻፈው እዚያ ነው። የሽቦው ውፍረት፣ ብሬከሩ፣ ስፒናው፣ ሁሉም የሚወሰነው በዚያ ቁጥር ነው።

ዋቱን ለቮልቱ ማካፈል ብቻ ነው። 3300 ዋት ኦቨን በ220 ቮልት 15 አምፒር ይስባል። ከላዩ ማብሰያ ምድጃ ያለውና ጠቅላላው 7000 ዋት የሚደርስ ደግሞ ወደ 32 አምፒር ይጠጋል። የመጀመሪያው በ16 አምፒር ሶኬትና በ2.5 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር ማለት ነው) የመዳብ ሽቦ ይሠራል፤ መስመሩ ግን የራሱ ብቻ መሆን አለበት። ሁለተኛው በተለመደው ስፒና የሚሰካ አይደለም። ከማከፋፈያው ሳጥን በቀጥታ የሚመጣ 6 ካሬ ሽቦና 32 አምፒር ብሬከር ይፈልጋል፤ መንገዱ ረጅም ከሆነ ወይም ሽቦው ከሌሎች ጋር በአንድ ቱቦ ከታጨቀ 10 ካሬ ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ብሬከር ኦቨኑን የሚጠብቅ ይመስለዋል። ብሬከር የሚጠብቀው ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው። ለዚህም ነው «እየወረደ አስቸገረኝ» ተብሎ 16ቱ ተነቅሎ በ32 ሲተካ ነገሩ የሚበላሸው። ብሬከሩ ዝም ይላል፣ 2.5 ካሬው ሽቦ ግን በልስኑ ውስጥ ሆኖ ይግላል፣ ላስቲኩ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። 16 የተጻፈበት ብሬከር ራሱ ትዕግሥተኛ ነው፤ 23 አምፒር ቢያልፍበት ለመውረድ እስከ አንድ ሰዓት ሊወስድበት ይችላል። ስለዚህ 15 አምፒር በሚስበው ኦቨን መስመር ላይ የውሃ ማፍያ መሰካት ጥሩ አይደለም። ኤክስቴንሽንማ ጨርሶ አይነሳ።

አሁን ወደ ብሎኖቹ እንምጣ፤ በእኛ እምነት ከሽቦው ውፍረት ይልቅ ቤት የሚያቃጥለው እዚህ የሚፈጸም ስሕተት ነው። በደንብ ያልጠበቀ ማሰሪያ 0.1 ኦም ብቻ መቋቋም ቢኖረው፣ 30 አምፒር ሲያልፍበት 90 ዋት ሙቀት ያወጣል። ከአውራ ጣት ጥፍር በምታንስ ብሎን ላይ 90 ዋት ማለት ነው! ኦቨን ደግሞ ይግላል፣ ይበርዳል፣ እንደገና ይግላል፤ ብረቱ በተለጠጠና በተኮማተረ ቁጥር የላላው የባሰ ይላላል። ባለ ብዙ ክር ሽቦ ከሆነ ጫፉ ላይ የብረት ቆብ አልብሳችሁ በመጭመቂያ ጨምቁት። ጫፉን በቆርቆሮ መበየድ የተለመደ ቢሆንም አትመኑት፤ ብየዳው ለስላሳ ስለሆነ በብሎኑ ግፊት ቀስ በቀስ ይሸሻል። አልሙኒየምና መዳብ ሽቦም በቀጥታ አይጠመዘዙም።

ከማሰር በፊት ብሬከሩን አውርዱና ሌላ ሰው እንዳያነሳው ቆልፉት ወይም ወረቀት ለጥፉበት። የፌዝ (ኃይል ይዞ የሚመጣው ሽቦ) ቴስተር ካቻቢቴ አምፖሉ አልበራም ማለት ኃይል የለም ማለት አይደለም። በመልቲሜትር ለኩ፤ መልቲሜትሩን ራሱን ኃይል ባለበት ሶኬት ላይ ከመለካታችሁ በፊትም በኋላም ፈትኑት።

የኦቨኑን የጀርባ ክዳን ስትከፍቱ ኤል 1፣ ኤል 2፣ ኤል 3፣ ኤን የሚሉ ማሰሪያዎች ልታገኙ ትችላላችሁ፤ ኤሎቹ የፌዝ፣ ኤን ደግሞ የኒውትራል ማለትም የመመለሻው ሽቦ ናቸው። እዚያው ያለውን ሥዕል ሳታዩ አትንኩ። ቤቱ ነጠላ ፌዝ ከሆነ ከኦቨኑ ጋር የመጡት ትናንሽ የመዳብ ማገናኛዎች ሦስቱን ኤሎች ያያይዛሉ። ማገናኛው በስሕተት ተገጥሞ በ230 ቮልት የሚሠራው ማሞቂያ 400 ቮልት ቢደርሰው ጉልበቱ ወደ ሦስት እጥፍ ይዘልና ይቃጠላል።

አረንጓዴና ቢጫው የግራውንድ ሽቦ ነው። ከሌሎቹ ትንሽ ረዘም አድርጋችሁ ቁረጡት፤ ገመዱ በድንገት ቢጎተት መጨረሻ የሚነቀለው እሱ ይሁን። ቤቱ ግራውንድ የለውም ተብሎ ከሰማያዊው ኒውትራል ጋር ማያያዝ ክልክል ነው፤ ኒውትራሉ አንድ ቦታ ቢበጠስ የኦቨኑ በር እጀታ ፌዝ ይሆናል። ግራውንድ ከሌለ፣ ወይም ከማከፋፈያው ሳጥን አዲስ መስመር መዘርጋት ካስፈለገ፣ ሥራው ፈቃድ ላለው ኤሌክትሪሺያን የሚሰጥ ነው። 30 ሚሊ አምፒር አርሲዲ፣ ማለትም ኃይል ወደ መሬት ሲያፈስ መስመሩን የሚቆርጥ መከላከያ፣ እንዲገጥምላችሁም ጠይቁት።

ገመዱን በማጥበቂያው ሳትይዙ ክዳኑን አትዝጉ። ገመዱ ሙቀት የሚችል የጎማ ወይም የሲሊኮን ይሁን፤ ተራው ፕላስቲክ የተሠራው ለ70 ዲግሪ ነው፣ የኦቨኑን ጀርባ መንካትም የለበትም። ሶኬቱም በጀርባው ሳይሆን በጎን በኩል፣ እጅ በሚደርስበት ቦታ ይሁን።

መጀመሪያ ስታበሩት ባዶውን ለ1 ሰዓት ያህል በከፍተኛ ሙቀት ይሥራ፤ መስኮት ክፈቱ፣ ከፋብሪካ የመጣው ቅባት ይሸታል። አርሲዲው ወዲያው ቢወርድ ኦቨኑ ተበላሽቷል ብላችሁ አትደምድሙ። መጋዘን ውስጥ የቆየ ማሞቂያ በውስጡ ያለው የማግኒዥየም ኦክሳይድ ዱቄት እርጥበት ስለሚስብ እንዲህ ያደርጋል፤ ባለሙያ ለክቶ ያድርቀው እንጂ አርሲዲውን አልፋችሁ አታገናኙ።

ሰዓቱ ሲያልቅ አጥፍታችሁ የስፒናውን ፕላስቲክ ዳስሱ። ለብ ማለቱ ምንም አይደለም። እጅ የሚያስነሳ ከሆነ ንቀሉትና ጥርሱን እዩ፤ ቡናማ ወይም ጥቁር ከሆነ ስፒናውንም ሶኬቱንም አብራችሁ ቀይሩ፤ የሞቀ ሶኬት የውስጥ መያዣው ስለሚላላ አዲሱንም ስፒና ያቃጥለዋል።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንሂድ። የኦቨናችሁን መለያ በስልክ ፎቶ ያነሳችሁ ካላችሁ ከእናንተ እንጀምር።