ከክሱ በፊት

የተከበራችሁ ሐኪሞች፣ መሐንዲሶችና የሕግ ባለሙያዎች፣ እንደምን ዋላችሁ!

«ፌስቡክ ላይ ስሜን ያጠፋውን ሰው ልክሰሰው ወይ?» ይህን ጥያቄ ከእናንተው መካከል ደጋግሜ እሰማለሁ። መልሴ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ጽሑፉን ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

አንዲት ታካሚ «ሦስት ሰዓት አስጠበቀኝ፤ ስለ መድኃኒቱም ምንም አላስረዳኝም» ብላ ጻፈች እንበል። ነገሩ እውነት ከሆነ ቢያናድድም መክሰሻ ሊሆን አይገባም። «አልወደድኩትም» ማለትም አስተያየት ነው። «ዲግሪው ፎርጅድ ነው» ካለች ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ይሄ የሚጣራ ነገር ነው። ውሸት ከሆነ የስንት ዓመት ልፋት በአንድ ምሽት ገደል ይገባል። ሼር ያደረገውም ሰው «እኔ አልጻፍኩትም» ብሎ ላያመልጥ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የእንግሊዝ የስም ማጥፋት ሕግ ከሳሹ በስሙ ላይ ከባድ ጉዳት መድረሱን ወይም ሊደርስ እንደሚችል እንዲያሳይ ያስገድደዋል። መናደድ ብቻ አይበቃም። ሚዛኑ ትክክል ነው እላለሁ።

ሐኪሞች ደግሞ የባሰ ችግር አለባችሁ። ታካሚው የፈለገውን ይናገራል፤ እናንተ ግን ምስጢሩን አውጥታችሁ መመለስ አትችሉም። «ቀጠሮዋን አሳልፋ ነው የመጣችው» ብሎ መጻፍ እንኳ የሙያ ምስጢር ማውጣት ሊሆን ይችላል። ዝም ማለቱ እንደሚያንገበግብ አውቃለሁ። ቢሆንም በአደባባይ የምትጽፉት «እባክዎ በግል ያነጋግሩን» ብቻ ይሁን።

ጽሑፉ በእርግጥ ውሸት ከሆነስ? ቀኑና የገጹ አድራሻ የሚታይበት ስክሪንሾት ያዙ፤ ፖስቱ ነገ ላይገኝ ይችላል። ከዚያ ጸሐፊው እንዲያርም በጽሑፍ ጠይቁ። እምቢ ካለ ጠበቃ ጋ ሂዱ። አትዘግዩ፤ በእንግሊዝ ለምሳሌ የይርጋው ጊዜ፣ ማለትም ክስ ማቅረቢያው የጊዜ ገደብ፣ 1 ዓመት ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እቃወማለሁ፦ እውነት የተናገረን ሰው ካሳ በሚጠይቅ ደብዳቤ ማስፈራራት። ደብዳቤው ብቻውን ሰውየውን ዝም ያሰኘዋል፤ ቀጣዩም ታካሚ ሳይጠነቀቅ ይመጣል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 ደንበኛ ሐቀኛ አስተያየት እንዳይጽፍ የሚከለክሉ፣ ደንበኛው ሳይደራደርባቸው በተዘጋጁ ውሎች ውስጥ የሚገቡ አንቀጾችን በሕግ ዋጋ ያሳጣችው፣ የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2024 አፍ ለማስያዝ የሚመሠረቱ ክሶችን የሚገታ መመሪያ ያወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። እንዲህ ያለ ደብዳቤ እንድጽፍላችሁ ብትጠይቁኝ አልጽፍም።

አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልቀበል።