በሬው ከተሸጠ በኋላ፦ የሕክምና ወጪና ሥራ አጥነት በጎጃም

[ምስል፦ ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን የሚያወጣው ጠመዝማዛ መንገድ]

ጤና ይስጥልን። ዛሬ ስለ ሁለት ነገር እናወራለን። አንዱ የሕክምና ወጪ መናር ነው። ሌላው ሥራ አጥነት። ዜና ላይ ለየብቻ ነው የምንሰማቸው፤ አንዱ የጤና ሚኒስቴር፣ ሌላው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ጉዳይ ተብሎ። ጎጃም ውስጥ አንድ የገበሬ ቤት ገብታችሁ ሒሳቡን ብትሠሩት ግን አንዱ ሌላውን ሲወልድ ታገኙታላችሁ።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ለምሳሌ የምንፈጥረው ቤተሰብ እነማይ ወረዳ ይኑር። ጥማድ በሬ አለው። ጤፍ ያመርታል። ለሥራ የደረሱ ሁለት ወንዶች ልጆች አሉት። ሰኔ መጨረሻ ላይ እናትየውን ጎኗን ያማት ጀመር። ወሩን ልብ በሉ። ጎተራው የተሟጠጠበት፣ እርሻው የተጀመረበት ወር ነው።

ጤና ጣቢያ ሄደች፤ ማስታገሻ ተሰጣት። አልሻል ሲላት ብቸና ሆስፒታል ወሰዷት። አልትራሳውንድ ታየች፤ የሐሞት ጠጠር ነው ተባለ። ከዚያ ሪፈር ተጻፈላትና በሞጣ በኩል ባሕር ዳር።

[ጽሑፍ በስክሪን፦ ካርድ፣ ላቦራቶሪ፣ አልትራሳውንድ፣ ኦፕራሲዮን፣ መድኃኒት]

የሕክምና ወጪ ሲባል ብዙ ሰው የሚቆጥረው እነዚህን ነው። ደረሰኝ ያላቸው እነዚህ ናቸዋ! ግን በሽተኛ ብቻዋን አትሄድም። አስታማሚ አለ። አስታማሚ ይበላል፣ ያድራል። ቀጠሮው በሦስት ቀን ከተገፋ የአልጋው ኪራይም በሦስት ቀን ይጨምራል። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ ደግሞ በግጭቱ ምክንያት መንገድ ይዘጋል። መንገድ ሲዘጋ ታክሞ የዳነ ሰው እንኳ ወደ ቤቱ መመለስ አቅቶት ከተማ ላይ ብሩን ይጨርሳል። ቤት ውስጥ ደግሞ ሁለቱ ወንዶች ከእርሻ ተለይተዋል፤ አንዱ ሆስፒታል፣ አንዱ ብር ፍለጋ።

መጨረሻ ላይ አንዱ በሬ ተሸጠ። ክረምት ላይ የእርሻ በሬ ይዞ ገበያ የወጣ ሰው ምን እንዳጋጠመው ነጋዴው ሳይነገረው ያውቃል። ዋጋውን እንደፈለገ ይሰብረዋል።

እናትየው ዳነች እንበል። ተመስገን። አሁን ማሳው ጋ እንምጣ።

[ምስል፦ በአንድ በኩል ባዶ የሆነ ቀንበር]

ጤፍ እርሻ ይወዳል። መሬቱ ደጋግሞ ካልታረሰ አረሙ ያሸንፈዋል። አንድ በሬ የቀረው ገበሬ እንደሱው አንድ በሬ ካለው ጎረቤት ጋር መቀናጆ ይገባል። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ግን ተራ አለው። ዛሬ የሱ ማሳ፣ ነገ የጎረቤቱ። ዝናቡ ደግሞ ተራ አይጠብቅም። የዘገየ ዘር፣ የቀነሰ ምርት። በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛው በሬ ከሄደ መሬቱ ለእኩል ይሰጣል፤ ሌላ ሰው ያርሰዋል፣ ምርቱ ይካፈላል። የተረፈው ነገር ምንድነው? ሁለት ጎረምሶች፣ የሚያርሱት የሌላቸው። በአንድ ኦፕራሲዮን ሁለት ሥራ ፈላጊ ተፈጠረ ማለት ነው።

የሚገርመው፣ እነዚህ ልጆች የሥራ አጥ ቁጥር ውስጥ ላይገቡ ይችላሉ። በዓለም አቀፉ አቆጣጠር በመጠይቁ ሳምንት ውስጥ ለአንድ ሰዓት እንኳ ለክፍያ ወይም ለትርፍ የሠራ ሰው ‹ሥራ አለው› ይባላል። ማክሰኞ ገበያ ለሰው ጆንያ ተሸክሞ የሻይ ያገኘ ልጅ ሥራ አለው። እንግዲህ የገጠር ሥራ አጥነት ዝቅተኛ ነው የሚል ሪፖርት ስትሰሙ ይቺን አስታውሱ።

አሁን ወደ ዋጋው። ሕክምና ለምን እንዲህ ተወደደ?

[ምስል፦ የፋርማሲ መደርደሪያ]

አንደኛው ነገር ምንዛሬ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የምንጠቀመው አብዛኛው መድኃኒት፣ የላቦራቶሪ ኬሚካል፣ የምርመራ መሣሪያና መለዋወጫ ከውጭ ይመጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። ውጭ አገር በ10 ዶላር የሚገዛ መድኃኒት ቢኖር፣ ምንም ትርፍና ትራንስፖርት ሳይጨመርበት፣ ከ570 ብር ተነስቶ ከ1,200 ብር በላይ ገባ ማለት ነው። መድኃኒቱ ያው ነው። የገበሬው ጤፍም ያው ነው። ጤፉም ተወዷል እኮ የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ግን ሰኔ ላይ የሚሸጥ ጤፍ ያለው ስንቱ ነው?

ሁለተኛው የበሽታው ዓይነት ነው። ወባ ይዞህ ትታከማለህ፣ ያልፋል። ስኳርና ደም ግፊት ግን አያልፉም። ክኒኑ በየወሩ ነው፤ ዕድሜ ልክ። ቀድሞ የከተማ በሽታ የሚባሉት እነዚህ አሁን ደብረ ማርቆስም ዳንግላም የየቤቱ ናቸው።

ሦስተኛው ግልጽ ነው፤ ታሞ የሚከራከር የለም። በግ ስትገዛ ዋጋው ካልተስማማህ ትተህ ትሄዳለህ። የልጅህ ትንፋሽ እየተቆራረጠ ግን ነገ ርካሽ ይሆናል ብለህ አትመለስም። በአገራችን ለጤና ከሚወጣው ገንዘብ ወደ ሲሶ የሚጠጋው በቀጥታ ከታማሚው ኪስ ነው የሚወጣው።

ሥራውስ የት ሄደ? ጎጃም ላይ መልሱ ከመሬት ይጀምራል። በአማራ ክልል የመጨረሻው ትልቅ የመሬት ሽግሽግ የተደረገው በ1989 ዓ.ም ነው። ያኔ ሕፃን የነበረው ዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማው ነው። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ሁሉ ወይ ከወላጁ ይወርሳል፣ ወይ ይከራያል፣ ወይ ይሄዳል። የአባት መሬት ደግሞ ለአራት ልጅ ሲካፈል ለበሬ መዞሪያ አይበቃም።

ተማር ተባለ፤ ተማረ። ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳርና እንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ ያስመርቃሉ። ቡሬ ላይ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክና የዘይት ፋብሪካ ተሠርቷል፤ ግን ለዚህ ሁሉ ምሩቅ አይበቃም። እኔን ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው፦ ዲግሪ ይዘው ከሚቀመጡት መካከል ነርሶች፣ ጤና መኮንኖች፣ ሐኪሞች ሳይቀሩ አሉበት። ጤና ጣቢያው ባለሙያ አነሰኝ ይላል። ባለሙያው ሥራ አጣሁ ይላል። በመካከላቸው የጎደለው በጀት ነው። የተቀጠሩትም ቢሆኑ ደመወዙ ኑሮውን አልቻለው ብሎ በግንቦት 2017 ዓ.ም ሥራ እስከ ማቆም ደርሰው ነበር።

[ምስል፦ በመተማ መስመር የሰሊጥ ማሳ፣ አጨዳ ላይ ያሉ ወጣቶች]

ወደ እነማይ ልጆቻችን እንመለስ። ማሳ የላቸውም። ታላቅየው ጓደኞቹን ተከትሎ ወደ መተማ ወረደ፤ ለሰሊጥ አረም፣ ከዚያም ለአጨዳ። ከጎጃም ደጋ ወደ ቆላ መውረድ የቆየ ነው። ደገኛው ግን ከወባ ጋር ብዙም አይተዋወቅም፤ ሲይዘው ክፉኛ ይጥለዋል። በመተማና በሁመራ ደግሞ ካላዛር የሚባል በሽታ አለ። የአሸዋ ዝንብ ነች የምታስተላልፈው። የቀን ሠራተኛው ሜዳ ላይ፣ ዛፍ ሥር ያለ አጎበር ያድራል፤ ዝንቧም በሌሊት ነው የምትነክሰው። ትኩሳቱ አይለቅም፣ ሰውነት ይመነምናል፣ ጣፊያ ያብጣል። ካልታከመ ይገድላል። ሕክምናውም ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ መርፌ ነው። መርፌው በነጻ ቢሰጥ እንኳ አስታማሚው፣ ምግቡና መንገዱ በነጻ አይደሉም።

ለሕክምና በተሸጠ በሬ ሥራ ያጣ ልጅ፣ ሥራ ፍለጋ ወርዶ ሌላ የሕክምና ወጪ ይዞ ተመለሰ። አሁን የሚሸጠው ምን ቀረ?

ይሄን ሰንሰለት የት ጋ መበጠስ ይቻላል? እኔ በሬው ከመሸጡ በፊት ያለችው ቦታ ላይ ነው የማተኩረው። እድር ሁላችንም እናውቃለን፤ ሁሉም በየወሩ ያዋጣል፣ ለደረሰበት ይወጣል። እድር ግን በአብዛኛው የሚደርሰው ለሞት ነው። ለሕመም የሚደርሰው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም በአገሪቱ 13 ወረዳዎች ውስጥ በሙከራ ሲጀመር፣ አንዱ እዚሁ ጎጃም የሚገኘው ደቡብ አቸፈር ነበር። የሚመዘገበው ግለሰብ ሳይሆን ቤተሰብ ነው። ምክንያት አለው፤ የታመመው ብቻ ከተመዘገበ መዋጮው ወር ሳይሞላው ያልቃል። መክፈል ለማይችሉት መንግሥት ይሸፍናል።

ችግሩስ? አባሉ መታወቂያውን ይዞ ይሄዳል፤ ካርድም ምርመራም ያለ ክፍያ ያልፋል። ከዚያ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ‹የለም፣ ከውጭ ግዙ› ይባላል። ውጭ ማለት የግል ፋርማሲ፣ በምንዛሬው ዋጋ። ሁለት ጊዜ እንዲህ የተባለ ሰው ለሚቀጥለው ዓመት አላድስም ይላል፤ እኔ አልፈርድበትም። ግን ጤነኞቹ ባላደሱ ቁጥር መዋጮው ይሳሳል፣ መደርደሪያውም የባሰ ይራቆታል። ስለዚህ ‹ተመዝገቡ› እያሉ መቀስቀስ ብቻውን ዋጋ የለውም። መድኃኒቱ መደርደሪያው ላይ መገኘት አለበት። ከወረዳ ባሕር ዳር ሪፈር ለሚጻፍለት ሰውም የመንገዱ ነገር መታሰብ አለበት፤ በሬውን ብዙ ጊዜ የሚበላው እሱ ነውና።

ለደመወዝተኛውም በ2002 ዓ.ም የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ወጥቶ ነበር። ለዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል ቆይቷል። እሱ ራሱን የቻለ ቪዲዮ ይፈልጋል።

እስከዚያው ገጠር ቤተሰብ ያላችሁ አንድ ነገር አድርጉ። የመድኑ ዕድሳት ብዙ ጊዜ የሚካሄደው አዝመራ ተሰብስቦ እጅ ላይ ብር ሲኖር ነው። ቀኑ የሚያበቃው መቼ እንደሆነ ቀበሌውን ጠይቁ። ካሳለፋችሁት ሰኔ ላይ የሚመጣው ሕመም በራሳችሁ ኪስ ነው። ሪፈር ሲጻፍላችሁ ደግሞ መድኑ የትኞቹን ሆስፒታሎች እንደሚሸፍን፣ ከውጭ ለተገዛ መድኃኒት በደረሰኝ የሚመለስ ነገር መኖሩን፣ መኪና ከመሳፈራችሁ በፊት ወረዳው ላይ አጣሩ።