ሁለተኛ ዕድል ያለው ፈተና

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አላችሁ።

በቀላል ሂሳብ ልጀምር። አንድ ኮርስ 600 ተማሪ አለው እንበል። ፈተናው 10 ጥያቄ ነው። አንዱን መልስ ማረም 1 ደቂቃ ብቻ ቢፈጅ 6,000 ደቂቃ፣ ማለትም 100 ሰዓት ይሆናል። ለዚህ ነው ትልልቅ ኮርሶችን በአንድ ሚድና በአንድ ፋይናል የምንጨርሰው። ተማሪው የሳተውን የሚያውቀው ምዕራፉ ካለፈ በኋላ ነው። ያኔ ምን ያደርግለታል?

በኮምፒውተር የሚሰጥ ፈተና ሲነሳ ብዙዎቻችን የሚታየን የእርማቱ መቅለል ነው። እኔን የሚያጓጓኝ ግን ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። እርማቱ ከቀለለ በየሁለት ሳምንቱ አጭር ፈተና መስጠት እንችላለን። የወደቀው ልጅ ያንኑ ምዕራፍ እንደገና አንብቦ፣ በሳምንቱ በሌላ ጥያቄ ይቀመጣል።

ሁሉንም ባንዴ የሚይዝ አዳራሽም የግድ አይደለም። በአሜሪካው ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ፣ ኧርባና ሻምፔይን፣ ለዚሁ የተዘጋጀ መፈተኛ ማዕከል አለ። ተማሪው ከተመደቡት ቀናት የሚመቸውን ሰዓት ራሱ ይይዛል።

“ታዲያ ቀድሞ የወጣው ላልገባው አይነግረውም ወይ?” ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ይነግረዋል። ስለዚህ ጥያቄው ለየተማሪው መለየት አለበት። በአንድ የፊዚክስ ጥያቄ ውስጥ ክብደቱና ፍጥነቱ በየሰው ከተቀያየረ፣ መልሱን መሸምደድ ዋጋ የለውም። የሚተላለፈው አሠራሩ ነው፤ አሠራሩን ያወቀ ደግሞ ተምሯል።

ሥራው ከባድ ነው፣ አልደብቃችሁም። ጥሩ የጥያቄ ባንክ፣ ማለትም ለፈተና የሚመረጥበት የጥያቄ ክምችት፣ በአንድ ሴሚስተር አይሞላም። ሁሉን በምርጫ ጥያቄ ማድረግም ይቀናናል፤ አራት ምርጫ ካለ ግን ምንም ያላነበበ ሰው በግምት ብቻ በአማካይ 25 ከመቶ ያገኛል። ቁጥሩን ራሱ ይጻፍ፣ ግራፉን ራሱ ይሣል። ድርሰትና ረጅም የሂሳብ ማረጋገጫ ግን ለሰው ዓይን ይቆዩ።

አንድ ነገር አደራ። ማንም ተማሪ የት ክሊክ እንደሚደረግ በፈተናው ሰዓት መማር የለበትም። ቀደም ብሎ ማርክ የሌለው ልምምድ ይኑር። እያንዳንዱ መልስ ወዲያው ሴቭ ይደረግ፤ ኔትወርክ ቢቋረጥ የባከነው ደቂቃ ይመለስለት። ዓይኑ ለደከመ ፊደሉ ይተልቅለት።

ከፋይናል አንጀምር። በአንድ ምዕራፍ፣ ከ5 ማርክ በማይበልጥ አጭር ፈተና እንሞክረው። ለዚያ ምዕራፍ ጥያቄ ማዋጣት የምትፈልጉ፣ ከስብሰባው በኋላ እዚሁ እጠብቃችኋለሁ።