ቤቱ ላበው

ክቡር ሊቀ መንበራችን፣ እናቶች፣ አባቶች፣ የእድራችን አባላት በሙሉ፣ እንደምን አረፈዳችሁ?

ሊቀ መንበሩ «ስለ እድሩ ቤት እድሳት ሩብ ሰዓት ተናገር» ብለውኛል። ጽፌ መጥቻለሁ። ወረቀት የያዝኩት እንዳልረሳ ሳይሆን እንዳልናደድ ነው። ስናደድ ምን እንደምሆን የምታውቁ ታውቃላችሁ።

እስቲ የተቀመጥንበትን ቤት ቀና ብላችሁ እዩት። በ1963 ዓ.ም. ሲሠራ፣ እዚህ ፊት ለፊት ያላችሁ አባቶች አጣና ተሸክማችኋል። እኔ ልጅ ነበርኩ፤ ጭቃ ረግጫለሁ። ስንቱን አልቅሰን የሸኘነው፣ ስንቱን የዳርነው ከዚህ በወጣ ድስትና ወንበር ነው። አሁን በጓሮ በኩል ያለው ግድግዳ ሆዱን ነፍቷል። አንድ ሁለት ቦታ ልስኑ ተራግፏል። ማድቤት የለንም፤ ድንኳኑም የሚቀመጥበት አጥቶ እዚሁ ጥግ ተከምሯል።

ለኮሚቴው ሁለት ሐሳብ ቀርቧል። አንደኛው ግድግዳውን በሲሚንቶ ለስኖ ወለሉን ሴራሚክ ማድረግ። ሁለተኛው አፍርሶ በብሎኬት መሥራት። እኔ ሁለቱንም እቃወማለሁ፤ ቤቱ በራሱ ጭቃ ይጠገን ነው የምለው። ምክንያቴን ከመናገሬ በፊት ግን ኃጢአቴን ልናዘዝ።

እናቴን አብዛኞቻችሁ ታውቋታላችሁ። ከቧንቧው ዝቅ ብሎ ያለው ባለሁለት ክፍል ጭቃ ቤት የእሷ ነው። ከጓሮ ደግሞ ሁለት የሚከራዩ ክፍሎች ነበሯት። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 «ትርፍ ቤት» ብሎ የጓሮዎቹን ወሰዳቸው። የምትኖርበት ቀረላት። ይህን ለፖለቲካ አይደለም የማነሣው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

እናቴ በየዓመቱ፣ ጤፍ ከተወቃ በኋላ፣ ጭድ ታስመጣለች። አፈሩ ይቆፈራል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ጭዱ ይነሰነስበታል፣ እኛ ልጆቹ እንረግጣለን። ከዚያ ተሸፍኖ ይከርማል። ሽታው አያድርስ ነው! «ሸተተ» ብለን ስናማርር «ካልሸተተ አልበሰለም» ትላለች። እኔን «ጭቃ ሹም» ብላ ሾማኝ ነበር፣ ያለ ደመወዝ። የተሰነጠቀውን ትደፍናለች፣ የተራገፈውን ትመርጋለች፣ መጨረሻ ላይ ስሱን ልስን በእጇ ትስበዋለች። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት የአራት ጣቶቿ መስመር እንደ ቀስት ጎበጥ ብሎ ይታያል። ለእንቁጣጣሽ ኖራ ይቀባል። በቃ፣ ቤቱ ሌላ ነገር ጠይቋት አያውቅም።

እኔ አደግኩና ፎርማን ሆንኩ። ሥራዬ ኮንክሪት ነው። ሲሚንቶ እንጀራዬ ነው፣ ልጆቼን አሳድጌበታለሁ፤ ስለዚህ «ሲሚንቶ ጠላ» እንዳትሉኝ። በ1989 ትንሽ ገንዘብ ቋጠርኩና «እናቴን ከጭቃ ላወጣት ነው» ብዬ ተነሣሁ። ግድግዳው ላይ የሽቦ ወንፊት በምስማር መታሁ። በሲሚንቶ አስለሰንኩ። በላዩ ፕላስቲክ ቀለም፣ ክሬም። ወለሉን ሊሾ አደረግኩት። ሰፈሩ ሁሉ ሊያይ መጣ። «ቪላ ሆነ!» ተባለ። ቡና ተፈላ፣ እልልታ ነበር። እናቴ ግድግዳውን በመዳፏ ዳበሰችና አንድ ቃል ብቻ አለች። «ቀዘቀዘ።»

የመጀመሪያው ክረምት ላይ ከመስኮቱ ጥግ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ወጣ። ቀለም ቀባሁበት። ሁለተኛው ክረምት ላይ ከአልጋዋ ኋላ ሻጋታ ሸተተ። አልጋውን ፈቀቅ አደረግኩት። መሐንዲስነት ማለት ይህ ነው! በሦስተኛው ከባለሱቁ ስልክ ደወለችልኝ። «ቤቱ ላበው» አለችኝ። ሳቅሁባት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ስልኩን ይዤ ከት ብዬ ሳቅሁ።

በ1994 ጥቅምት ላይ፣ የአባቴን ፎቶ ልሰቅል ምስማር መታሁ። ምስማሩ ሰመጠ። ሌላ መታሁ፣ እሱም ሰመጠ። ግድግዳውን በጣቴ ኳ ኳ አደረግኩት፤ ከበሮ ነው። መዶሻ አምጥቼ ጫፉን ስፈነቅለው ሲሚንቶው እንደ ዛፍ ቅርፊት ተገሽልጦ ወረደ። ከኋላው ያለው ጭቃ ርጥብ ነበር። ልብ በሉ፣ ዝናብ ካቆመ ሳምንታት አልፈዋል። ቋሚዎቹን ከእግራቸው ብነካቸው እንደ ረጠበ ዳቦ በእጄ ተፈረፈሩ። የቀረውን ምስጥ ጨርሶታል። በዚያ በኩል ካሉት ሃያ ሁለት ቋሚዎች አሥራ አንዱ መሬት አይነኩም ነበር። እናቴ አምስት ዓመት ሙሉ የተኛችው ከዚያ ሥር ነው። ልጇ መሐንዲስ ነኝ ባይ ባበጀላት ቤት።

ምን ሆኖ ነው? ነገሩ ቀላል ነው። ጭቃ ግድግዳ ክረምት ትንሽ ውኃ ይጠጣል፣ ፀሐይ ሲወጣ መልሶ ይተፋዋል። ያብጣል፣ ይኮማተራል። ሲሚንቶ ግን ደረቅ ነው፣ አብሮት አይሄድም፤ ስለዚህ ይሰነጠቃል። ውኃው በስንጥቁ ይገባል፣ መውጫው ግን ተዘግቷል። ወዴት ይሂድ? ወደ ታች፣ ወደ ቋሚው እግር። እንጨቱ ርጥቡን ሳያጣ ይበሰብሳል፣ ምስጡም ይጠራል። ከውጭ ሲታይ ግን ቤቱ አምሮበታል። ክፋቱ ይህ ነው። የጭቃ ልስን ሲታመም ተራግፎ ይነግርሃል። ሲሚንቶ የሚነግርህ በላይህ ሲወድቅ ነው።

ከዚያ ምን አደረግን? ጣራውን በአጣና ደግፈን የበሰበሰውን እግር አንድ በአንድ ቆረጥን። ሁሉንም ባንዴ አይደለም፤ አንዱ ድንጋይ ላይ ሲቆም ወደሚቀጥለው። እስከ ጉልበት ድረስ የድንጋይ መሠረት አስገባን። እናቴ ዱካ ላይ ተቀምጣ ታዝዛለች፣ እኔ በአርባ ዓመቴ እንደገና ጭቃ ሹም ሆኛለሁ። እሷ አርፋለች፣ ነፍሷን ይማር። ቤቱ ዛሬም ቆሟል። ስትወጡ ጎራ ብላችሁ እዩት።

አሁን ወደ ጓሮዎቹ ክፍሎች ልመለስ። አናጢው አንድ፣ ዓመቱ አንድ፣ ጭቃው አንድ ነበር። ተከራዩ ሰውዬ የሚያፈስ ቆርቆሮ ለመቀየር በገዛ ገንዘቡ ፈቃድ ጠየቀ። ነገ ና ተባለ። ማመልከቻ ጻፍ ተባለ። ኃላፊው ስብሰባ ነው ተባለ። «የመንግሥት ቤት ነው፣ አትንካ» ተባለ። ያልነካው ቤት አንድ ነሐሴ ላይ ግድግዳው ወደ አጥር ተዘርግቶ ተገኘ። ቀን ስለነበር ሰው አልተጎዳም። በዚህ ከተማ ስንት ቤት እንዲህ ሞተ! ከዚያ ደግሞ መልሰው «ጭቃ ቤት አይበረክትም» ይሉናል። እንዳይጠገን ከልክለው፣ ሲወድቅ ጭቃውን ይሰድባሉ! ይህን ስል ነው የምናደደው፤ ወረቀቱም አላዳነኝም።

ባለፈው ዋጋ ሊሰጠን የመጣውን ባለሙያ ታስታውሳላችሁ። ግድግዳውን በእግሩ ነካ አድርጎ «ይሄ ታሪክ የለውም፣ ዕድሜውም አጭር ነው፣ ይፍረስ» አለን። ይህን ያለን ከሃምሳ በላይ ክረምት ባለፈበት ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ነው። ቡናችንን እየጠጣ! ታሪክ ማለት የራስ እገሌ ቤት ብቻ ነው ያለው ማነው? የራስ ብሩ ቤት የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆነ፣ ደስ ይለናል፣ ይገባዋል። እዚህ የተለቀሰውስ? ሐረር ሂዱ። በግንብ የታጠረውን አሮጌ ከተማ፣ ጁገልን፣ ዩኔስኮ በ1998 ሲመዘግበው ባዶ ቤት አልመዘገበም። ሰው ይኖርበታል፣ ልጅ ያድግበታል፣ ለሠርግና ለበዓል ግድግዳው ይቀባል። ሐረሬዎቹን በአሮጌ ቤት ኖራችሁ ብሎ የሚያፍርባቸው የለም። እኛ ነን በራሳችን ጭቃ የምናፍረው።

«ነገ ለልማት ቢፈርስስ?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ፒያሳ በ2016 ሲፈርስ አይተናል፤ አላውቅም ብዬ አልዋሻችሁም። እኔ በእርግጠኝነት የማውቀው ሰኔ እንደሚመጣ ነው።

ስለ ማስፋፋቱ ባጭሩ። ማድቤቱ በብሎኬት ይሠራ፣ አልቃወምም። ግን ከአሮጌው ግድግዳ ጋር አይታሰር። ሁለቱ በየራሳቸው ነው መሬት የሚይዙት፤ ካሰራችኋቸው አንዱ ሌላውን ይሰነጥቃል። መሠረት ሲቆፈር ከአሮጌው ግድግዳ እግር ራቅ ይበል። ሁለቱ ጣራ የሚገናኝበት ቦታ ላይ ሰፋ ያለ አሸንዳ ይግባ፣ በርካሽ አትግዙት።

ሌላው የግቢው ነገር ነው። ኮብልስቶኑ ሲነጠፍ መንገዱ ከፍ አለ፣ እኛ ዝቅ ብለን ቀረን። ጎርፉ የሚመጣው ወደ ግድግዳችን ነው። ሆድ የነፋውም በዚህ ነው። ቦይ እንቆፍርለት።

የኤሌክትሪክ ሽቦውም ይቀየር። ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ሲቃጠል ቆመን ያየን ሰዎች እንጨት እንዴት እንደሚነድ አንረሳውም። ኮርኒሱ አቡጀዴ ነው፣ በላዩ አይጥ ይሮጣል፣ ሽቦው ደግሞ ከቤቱ እኩል ነው። በሩና መስኮቱ ግን አይነኩ። ቀለሙን ፍቃችሁ እዩት፤ እንዲህ ያለ ጣውላ ዛሬ ከየት ይመጣል?

ገንዘቡን ሒሳብ ሹማችን ያነቡላችኋል። ከሲሚንቶው ያንሳል፤ ጉልበቱ ግን ከእኛ ነው። አንድ አይሱዙ ጭድ አነጋግሬአለሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ይራገፋል። ጭቃው ሦስት ሳምንት ይከርማል፣ የበልግ ዝናብ ሳይቀድመን እንመርጋለን። ሽታውን ጎረቤቶች ይታገሡን። ወጣቶች በአንድ ሰዓት ድረሱ፤ ቦቲ ያለው ቦቲውን፣ የሌለው እግሩን ይዞ ይምጣ። ጭቃ ሹሙ እኔ ነኝ። ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ግን ያንን የጓሮ ግድግዳ አንድ በአንድ ሄዳችሁ በመዳፋችሁ ንኩት።